«ፓርቱ አልመጣም» ሲባሉ፦ ሪኮል የወጣበት የቤተሰብ መኪናና የ60 ቀኑ ነገር

ጥያቄ፦ «የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ሦስት ልጆች አሉን። ያለን መኪና አንድ ነው፤ ሰባት ሰው የሚይዝ የ2019 ሞዴል፣ ያገለገለ ነው የገዛነው። ከወራት በፊት ከአምራቹ የሪኮል፣ ማለትም ጉድለት ያለበትን መኪና ለነጻ ጥገና የሚጠራ፣ ደብዳቤ መጣ። ታንኩ ውስጥ ያለው የነዳጅ ፓምፕ ሊበላሽና ሞተሩ በጉዞ ላይ ሊጠፋ ይችላል፣ መለዋወጫው ሲዘጋጅ ሌላ ደብዳቤ እንልካለን ይላል። ዲለሩ ጋ በደወልኩ ቁጥር መልሱ ‹ፓርቱ አልመጣም፣ ሲመጣ እንደውላለን› ነው። ባለቤቴ ቅዳሜና እሁድ በዚሁ መኪና ኡበር ይሠራል። በቅርቡ ደግሞ ለሰርግ አትላንታ መሄድ አለብን። አንድ ወዳጃችን ‹60 ቀን ካለፈ መኪናውን መልሰሽ ገንዘብሽን መውሰድ ትችያለሽ› አለኝ። እውነት ነው? እስከዚያስ እንንዳው ወይስ እናቁመው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄ ልነሳ። የሕጉ ጉዳይ ሳምንት ቢያድር ምንም አይልም፤ ልጆቹ ግን ነገ ጠዋት ትምህርት ቤት መድረስ አለባቸው። ከታች የምነግርዎትን ምልክቶች እስካላሳየ ድረስ መኪናውን በሰፈር መንገድ መንዳት ይችላሉ። አትላንታ ግን በእሱ አይሂዱ። ባለቤትዎም ሰው አሳፍረው ሃይዌይ ባይወጡበት እመርጣለሁ። የ60 ቀኑ ወሬ መሠረት አለው፤ ሆኖም አሁን በእጅዎ ያለው ደብዳቤ ቆጠራውን ያስጀመረ አይመስለኝም። ይህን የምለው በዋሽንግተን ዙሪያ በዲለር ሰርቪስ ክፍል እንደሠራ ቴክኒሻን ነው እንጂ ጠበቃ አይደለሁም።

«እንንዳው ወይስ እናቁመው» ለሚለው ብዙ ጊዜ ደብዳቤው ራሱ መልስ አለው፤ ሰው ግን ከመጀመሪያው አንቀጽ አልፎ አያነበውም። አደጋው በጣም የከፋ ሲሆን አምራቹ «አትንዱ» ብሎ በግልጽ ይጽፋል። ቶዮታ በጃንዋሪ 2024 (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የ2003 እና የ2004 ኮሮላና ማትሪክስ፣ የ2004 እና የ2005 ራቭ ፎር ለያዙ ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ የአሜሪካ ባለቤቶች ያስተላለፈው እንደዚያ ያለ ማስጠንቀቂያ ነበር። መኪኖቹ ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራው ያረጀ ኤርባግ ያለባቸው ናቸው፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ የብረት ስብርባሪ ወደ ሰው ሊወረውር ይችላል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ወደ ዲለር እንኳ ነድቶ መሄድ የለበትም፣ ያስጎትታል። ከዚያ ቀጥሎ «ውጭ አቁሙ» የሚለው አለ። መንዳቱ አይከለከልም፤ ችግሩ መኪናው ጠፍቶ ቆሞ ሳለ እሳት ሊነሳበት መቻሉ ነው። ሃዩንዳይና ኪያ በሴፕቴምበር 2023 ከ3 ሚሊዮን በላይ መኪኖች ላይ ይህን ያሉት የፍሬን መቆጣጠሪያው ሞጁል ፈሳሽ ሊያፈስና ሾርት ሊያደርግ ስለሚችል ነው። አፓርትመንት ሥር ባለ ፓርኪንግ ለሚያቆም ቤተሰብ ይህ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ጥገናው እስኪደርስ የሚደረግ ጥንቃቄ ብቻ ይሰጣል። ጂኤም (ጀነራል ሞተርስ) በ2014 እንደ ሸቭሮሌ ኮባልት ያሉ ትንንሽ መኪኖቹን ሲጠራ የማስነሻ ቁልፉ መቀመጫ ልል በመሆኑ ቁልፉ በጉዞ ላይ ወደ ኋላ ይዞር ነበር። መለዋወጫው ተመርቶ እስኪዳረስ ወራት ስለፈጀ ባለቤቶች የተሰጣቸው ምክር ከቁልፉ ላይ ሌላውን ሁሉ አውልቀው ቁልፉን ብቻውን እንዲጠቀሙ ነበር። የእርስዎ ከዚህ ሦስተኛው የሚመደብ ይመስላል። ቢሆንም ደብዳቤውን አውጥተው እስከ መጨረሻው ያንብቡት፤ ከከበደዎት እንግሊዝኛውን የሚያስረዳዎት ሰው ይፈልጉ። ጽሑፉ «አትንዱ» የሚል ቃል ካለበት እኔ የምለውን ሁሉ ይተዉትና መኪናውን ያቁሙት።

የመኪናዎን ስም አልጻፉም፤ ለመልሱም ግድ አይልም። የገለጹት ዓይነት ብልሽት በሰፊው የታወቀው ዴንሶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በሠራቸው ፓምፖች ነው። እነዚህን ፓምፖች ቶዮታ፣ ሆንዳ፣ ሱባሩና ማዝዳ ገጥመዋቸዋል። ፓምፑ የሚቀመጠው ታንኩ ውስጥ፣ ቤንዚን ውስጥ ተነክሮ ነው። ውስጡ ኢምፔለር የሚባል የፕላስቲክ ክብ አለ፤ እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ፣ ዙሪያውን በጥቃቅን ጥርስ የተሞላ። ቤንዚኑን እየገፋ ወደ ሞተር የሚልከው እሱ ነው። በኢምፔለሩና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው። ፕላስቲኩ ሲመረት ጥቅጥቅ ብሎ ካልወጣ ቤንዚን እየመጠጠ ያብጣል፤ ሲያብጥ ከቤቱ ጋር ይፋተጋል፣ በመጨረሻም ይያዛል። ፓምፑ ሲያዝ ነዳጅ ይቋረጣል፣ ሞተሩ ይጠፋል። አንዳንዴ ተመልሶ ይነሳል፣ አንዳንዴ ጭራሽ አይነሳም።

ይህ ብልሽት ብዙ ጊዜ ድንገት አይመጣም። የቼክ ኢንጂን መብራት ይበራል፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል፣ ነዳጅ ሲረግጡ ጉልበት ያንሰዋል። ከእነዚህ አንዱን ካዩ የሰፈር መንገድም ይብቃ፤ መኪናውን ያስጎትቱና ዲለሩ ጋ ያድርሱት። ነገር ግን «ምልክት ሳያሳይ አይጠፋም» ብለው አይመኑ። አትላንታን የከለከልኩዎትም ለዚህ ነው። ከእናንተ ተነስቶ በአይ 95 ወርዶ፣ ፒተርስበርግ ላይ ወደ አይ 85 ገብቶ፣ ከ600 ማይል በላይ በከባድ መኪና መካከል ነው የሚኬደው። በሰፈር መንገድ ሲጠፋ የሚያናድድ ነገር፣ በመሀል መስመር በ70 ማይል ሲጠፋ ሌላ ነገር ነው። ለሰርጉ መኪና ይከራዩ፤ የኪራዩን ደረሰኝ አይጣሉ፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ባለቤትዎም ይህን ያንብቡት። ሞተሩ በጉዞ ላይ ቢጠፋ መጀመሪያ አራቱን ፍሬቻ ያብሩ። መሪው ሊከብድ ይችላል፣ ግን ይዞራል፤ በሁለት እጅ አጥብቆ መያዝ ነው። ፍሬኑ አንድ ሁለቴ ብቻ የሚያግዝ አቅም በውስጡ ስለሚቀር ደጋግመው አይምቱት፤ አንዴ ረግጠው እንደያዙ ቀስ እያሉ ወደ ቀኝ ዳር ይውጡ። መኪናው ሳይቆም ቁልፉን ወደ ኋላ አያዙሩ፣ ቁልፍ የሌለው ከሆነም የማጥፊያውን በተን አይጫኑ። በጂኤም ጉዳይ ከመቶ በላይ ሰው የሞተበት አንዱ ምክንያት ቁልፉ ሲዞር ኤርባጉም አብሮ ኃይል ማጣቱ ነበር። በፓምፕ ብልሽት ግን የጠፋው ሞተሩ ብቻ ነው፤ ዳሽቦርዱ እንደበራ ይቆያል፣ ኤርባጉም ኃይል አለው። ያንን በራስዎ እጅ አያጥፉት። ከቆሙ በኋላ ልጆቹን መኪና በማያልፍበት በኩል አውርደው ከብረት አጥሩ ኋላ ያቁሟቸው። መውረድ የማያስተማምን ቦታ ከሆነ ቀበቶ እንደታሰረ 911 ይደውሉ።

አሁን ወደ መዘግየቱ። ዲለሩ ዋሽቶዎት ላይሆን ይችላል። ሰዎች «ፓርት የለም» ሲባሉ መጋዘን ውስጥ ተደብቆ ይመስላቸዋል፤ እውነቱ ብዙ ጊዜ ፓርቱ ገና አለመመረቱ ነው። ቶዮታ የፓምፑን ሪኮል በጃንዋሪ 2020 ሲጀምር አሜሪካ ውስጥ ወደ 700 ሺህ መኪና ነበር የጠራው። ዓመቱ ሳያልቅ ቁጥሩ በዓለም ዙሪያ ወደ 5.8 ሚሊዮን ደረሰ። ሆንዳ ደግሞ በዲሴምበር 2023 አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 2.5 ሚሊዮን ገደማ መኪና ጠራ። ፓምፑን የሚሠራው ፋብሪካ ለአዲስ መኪኖችም ያው ፓምፕ ማቅረብ አለበት። ስለዚህ ሕጉ ከዕቃው ይቀድማል፦ አምራቹ ጉድለት መኖሩን ካወቀ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ለፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ ኒትሳ (NHTSA) ለሚባለው፣ ማሳወቅ አለበት፤ ከዚያ በ60 ቀን ውስጥ ደግሞ ለባለቤቶች መጻፍ አለበት። ዕቃው ባይኖርም ደብዳቤው ይወጣል። የእርስዎ ደብዳቤ ያ ነው፣ ጊዜያዊ ማስታወቂያ። «ሌላ ደብዳቤ እንልካለን» የሚለው ሐረግ ይነግርዎታል።

ትልቁ የመዘግየት ታሪክ የታካታ ነው። ኤርባጉን የሚነፋው ኬሚካል አሞኒየም ናይትሬት ነበር፤ በሙቀትና በእርጥበት ከዓመታት በኋላ ይበላሽና ከሚገባው በላይ ይፈነዳል። አሜሪካ ውስጥ ከ25 በላይ ሰው ሞቶበታል፣ ጥሪው 67 ሚሊዮን ያህል ኤርባግ ነክቷል። የዓለም ፋብሪካ ሁሉ ተደምሮ ያን ያህል በአንዴ ማምረት አልቻለም። ኒትሳ በ2015 ራሱ ጣልቃ ገብቶ ወረፋ አወጣ፤ ፍሎሪዳንና የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤን ዳርቻ የመሰሉ ሞቃትና እርጥብ አካባቢዎች ቀደሙ፣ ቀዝቃዛዎቹ ኋላ ሆኑ። የታካታ ተፎካካሪዎችም መተኪያውን እንዲያመርቱ ተደረገ። አንዳንዱ ሰው በመጀመሪያ የተተካለት ያው ዓይነት ኤርባግ፣ አዲስ ብቻ ስለነበር፣ በኋላ ሁለተኛ ተጠርቷል። ይህን የማነሳው ላስፈራራዎት አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱ አምራችን «አፋጥን» ብሎ የማዘዝ ሥልጣን እንዳለው እንዲያውቁት ነው። ያንን ሥልጣን የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ እንደ እርስዎ ያለ ሰው የሚያስገባው አቤቱታ ነው።

እና 60 ቀኑ? የፌዴራሉ ሕግ እንዲህ ነው። አምራቹ መኪናውን ለመጠገን ከመረጠና ጥገናው በተገቢ ጊዜ ካልተፈጸመ፣ ወይ ተመጣጣኝ መኪና መተካት ወይ የግዢውን ዋጋ የእርጅናውን ቀንሶ መመለስ አለበት። መኪናው ለጥገና ከቀረበ በኋላ 60 ቀን ካለፈ ደግሞ ተገቢው ጊዜ አልፏል ተብሎ ይገመታል። ወዳጅዎ የሰሙት እዚህ ድረስ ነው። ያልሰሙት ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ቆጠራው የሚጀምረው ደብዳቤው ከደረሰዎት ቀን አይደለም። ደብዳቤው «ከዚህ ቀን ጀምሮ እንጠግናለን» ብሎ የሚጠቅሰው ቀን አለ፤ ከዚያ ቀን በኋላ እርስዎ መኪናውን ለጥገና ሲያቀርቡ ነው የሚጀምረው። ጊዜያዊው ደብዳቤ ቀን አይጠቅስም። ሁለተኛው ደብዳቤ እስኪመጣ ድረስ 60 ቀኑ እንደ ተኛ ነው። ሁለተኛ፣ ግምት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም፤ አምራቹ ሊከራከር ይችላል፣ መሥሪያ ቤቱም በቂ ምክንያት ካገኘ ጊዜውን ሊያራዝም ይችላል። ከዚያ በላይ ይህ ሕግ ለግለሰብ በቀጥታ የመክሰስ መብት አይሰጥም። አቤቱታው የሚሄደው ለኒትሳ ነው።

ሌመን ሎው የሚባለው፣ ብልሹ አዲስ መኪና የገዛን ሰው የሚጠብቀው የክፍለ ግዛት ሕግም እርስዎን አይረዳም። በቨርጂኒያ የሚያገለግለው አዲስ መኪና ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ ለ18 ወር ነው፤ የእናንተ 2019 ከዚያ አልፏል። ይህን በነጻ የሚያስረዳዎት ጠበቃ ቢጠፋ እንኳ ገንዘብ ተቀብሎ «ሌመን ሎው እንከሳለን» የሚልዎት ከመጣ ይጠንቀቁ።

ታዲያ ምን ይደረግ? እስካሁን የጠበቁት ሁሉ በስልክ ነው፤ በስልክ የተጠበቀ ጊዜ ደግሞ ማስረጃ የለውም። እኔ ሰርቪስ ክፍል ሳለሁ ያየሁት ይህን ነው፦ ባለመኪናው ለወራት ሲደውል ኖሮ ኮምፒውተሩ ላይ አንድም መስመር አይገኝም፣ ምክንያቱም ስልክ ያነሳው ልጅ «አልመጣም» ብሎ ዘጋው እንጂ አልጻፈውም። ስለዚህ ቀጠሮ ይያዙና መኪናውን ይዘው ይሂዱ። ሰርቪስ አድቫይዘሩ «ለምን መጡ፣ ፓርት የለም አላልንም?» ይል ይሆናል። በትህትና «አውቃለሁ፣ ግን መኪናውን ለሪኮሉ አቅርቤያለሁ የሚል ሪፔር ኦርደር (የጥገና ማዘዣ ወረቀት) እፈልጋለሁ» ይበሉት። ወረቀቱ ላይ ቀኑ፣ ማይሌጁ፣ የሪኮሉ ቁጥርና «ፓርት ባለመኖሩ አልተጠገነም» የሚል ቃል ይኑርበት። በምልክትነት የጠቀስኳቸው ነገሮች ታይተው ከሆነ እነሱንም ያስጽፉ። ይህ ወረቀት ከስልክ ጥሪው የሚለየው ቀን ያለበት ማስረጃ ሆኖ በእጅዎ መቅረቱ ነው። ሁለተኛው ደብዳቤ ሲመጣ ደግሞ ይህንኑ ይድገሙት፤ ያን ጊዜ ነው ቆጠራው በትክክል የሚጀምረው።

ከዲለሩ በኋላ ለአምራቹ የደንበኞች መስመር ይደውሉ። ዲለርና አምራች አንድ አይደሉም፤ ዲለሩ የራሱ ነጋዴ ነው፣ የሪኮሉን ወጪ የሚከፍለው አምራቹ ነው። ሲደውሉ የጉዳይ ቁጥር እንዲከፈትልዎ ይጠይቁና ቁጥሩን ይጻፉ። ከዚያ ለጊዜው የሚነዱት መኪና፣ ሎነር ወይም የኪራይ መኪና እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ሕግ አያስገድዳቸውም፣ ግን በተግባር ይሰጣሉ፤ በታካታ ጊዜ ሆንዳ ፓርት ለሚጠብቁ ባለቤቶች በነጻ መኪና ይከራይ ነበር። የሚሰጡት ለጠየቀ ነው። «ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ያለኝ መኪና ይህ ብቻ ነው፣ ጉድለቱ በሃይዌይ ሞተር የሚያጠፋ ነው» ብለው በአንድ ትንፋሽ ይንገሯቸው። ስለ አትላንታው ኪራይም አስቀድመው ይጠይቁ። እሺ ካሉ በኢሜይል ያረጋግጡልዎ፤ ቀድሞ የተፈቀደ ኪራይ ከተከፈለ በኋላ ከሚጠየቅ ኪራይ እጅግ ይቀላል።

ሌላም ዲለር ጋ ይደውሉ። ሪኮል የተገዛበት ቦታ ላይ ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ የዚያ ምርት ስም ያለበት ማንኛውም ዲለር በነጻ ይሠራዋል። ፓርት ደግሞ ለየዲለሩ በኮታ ነው የሚከፋፈለው፤ ስፕሪንግፊልድ ያጣ ሜሪላንድ ማዶ ሊያገኝ ይችላል። ያገለገለ መኪና ስለሆነ አንድ ነገር ደግሞ ያረጋግጡ፦ ሁለተኛው ደብዳቤ የሚመጣው ዲኤምቪ (የመኪና ምዝገባው መሥሪያ ቤት) ጋ ባለው አድራሻ ነው። ቤት ቀይራችሁ አድራሻ ካልቀየራችሁ ደብዳቤው ሌላ ሰው ሳጥን ውስጥ ያርፋል።

ከዚያ አቤቱታ ለኒትሳ። በድረ ገጹ ወይም በስልክ ቁጥር 888-327-4236 ይቀርባል። መኪናውን የሚለየውን ባለ 17 ፊደልና ቁጥር ቪን (መስታወቱ ሥር በሹፌሩ በኩል ይታያል)፣ መቼ እንዳቀረቡት፣ ምን እንደተባሉ፣ ስንት ልጆች እንደምትጭኑ ይጻፉ። እንግሊዝኛው ቢሰባበር ግድ የለም፣ ቀኖቹ ይጠሩ እንጂ። ብዙዎቻችን «መንግሥት ጋ ምን ያመጣልኛል» ብለን እንተወዋለን። እዚያ የሚገቡ አቤቱታዎች ግን ይነበባሉ፤ ብዙ ሪኮሎች የተጀመሩት ከእንዲህ ያሉ አቤቱታዎች ነው።

«የምናውቀው መካኒክ ራሱ ፓምፑን ይቀይርልንና ገንዘባችንን እናስመልስ» የሚል ሐሳብ ሳይመጣብዎት አይቀርም። ሕጉ ማስመለስን የሚያስገድደው በዋናነት ከሪኮሉ ማስታወቂያ በፊት ለተከፈለ ጥገና ነው፤ የቀነ ገደቡም ደብዳቤዎቹ ተልከው ካለቁ በኋላ ብዙ አይርቅም። የቀድሞው ባለቤት ወይም እናንተ ከደብዳቤው በፊት ፓምፑን ቀይራችሁ ከሆነ ደረሰኙን ይፈልጉት። አሁን ግን በጽሑፍ ካልተፈቀደልዎ በኪስዎ ነው። ሥራውም ለጓሮ አይሆንም። በብዙ መኪና የኋላው መቀመጫ ይነሳል፣ ከሥሩ ያለው ክዳን ይከፈታል፣ መጀመሪያ ግን የፓምፑ ፊውዝ ተነቅሎ ሞተሩ እስኪጠፋ ይሠራና በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ይለቀቃል። ክዳኑ እንደተነሳ የሚወጣው የቤንዚን እንፋሎት ክፍሉን ይሞላዋል፤ አንድ የሥራ መብራት ወድቆ ቢሰበር ይበቃል። ማተሚያ ጎማው ትንሽ ተጣሞ ከተቀመጠ ደግሞ ቤንዚን የሚሸተው ልጆቹ ከሚቀመጡበት ሥር ነው። በአንዳንድ መኪና ጭራሽ ታንኩን ማውረድ ይጠይቃል። በዚያ ላይ ርካሽ ፓምፕ ቢገጠም እንኳ በአምራቹ መዝገብ ላይ ሪኮሉ ክፍት ሆኖ ይቆያል።

ስለ ኡበሩ። መኪና የሚያከራዩ ድርጅቶች ከ35 በላይ መኪና ካላቸው፣ ሪኮል የወጣበትን ሳይጠግኑ ማከራየት በፌዴራል ሕግ ተከልክሏል። ሕጉ የወጣው በ2015 ሲሆን የተሰየመው የተከራዩት መኪና እሳት ተነስቶበት በደረሰ አደጋ በሞቱ ሁለት እህትማማቾች ስም ነው። ባለቤትዎ ላይ ይህ ሕግ አይሠራም፤ የግል መኪና ነው። ግን እያወቁ ሰው ጭነው ሬገንና ደለስ ኤርፖርት መመላለስ፣ አደጋ ቢደርስ ከተሳፋሪው ጠበቃ ፊት የሚያቆም ነገር ነው፤ ያ ደብዳቤ ደርሷችሁ እንደነበር ማረጋገጥ ከባድ አይሆንም። ገቢው እንደሚያስፈልግ ይገባኛል። ቢያንስ ሃይዌይ የሚያስወጣውን ጉዞ ይተዉት፤ ሎነር ካገኛችሁም በሎነር ኡበር አይሠራም፣ ውሉን ያንብቡ።

«ሸጠን እንገላገል» ካላችሁም ግለሰብ ለግለሰብ መሸጥ አይከለከልም። ዲለር አዲስ መኪናን ሪኮሉ ክፍት እያለ መሸጥ አይፈቀድለትም፣ ያገለገለውን ግን የፌዴራል ሕግ አይከለክለውም፤ እናንተም ስትገዙት ሌላ ክፍት ሪኮል ይዞ ሊሆን ይችላልና ቪኑን ኒትሳ ድረ ገጽ ላይ አስገብተው ሁሉንም ይዩ። የምትሸጡለት ሰው ምናልባት የቤተ ክርስቲያን ወይም የሰፈር ሰው ነው። ደብዳቤውን አብራችሁ ስጡት።

እግረ መንገዴን አዲስ አበባ ዘመድ ላላችሁ። ከላይ የጠቀስኩት የ2003 እና የ2004 ኮሮላ አገር ቤት ምን ያህል እንደሚነዳ ታውቃላችሁ። እዚያ ደብዳቤ የሚልክ የለም። የኒትሳ ድረ ገጽ የሚያሳየው ለአሜሪካ የተሠራውን ነው። ከጃፓን በቀጥታ የገባ ከሆነ የቻሲስ ቁጥሩ አጭር ነው፣ የሚታየው በአምራቹ የጃፓን ድረ ገጽ ነው። ከዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች የመጣ ከሆነ የሳዑዲ ንግድ ሚኒስቴር የሪኮል ድረ ገጽ አለው፤ ካልሆነ በቻሲስ ቁጥሩ የአምራቹን ወኪል መጠየቅ ነው። የታካታን ኤርባግ ደግሞ የሚያበላሸው የአዲስ አበባ አየር ብቻ ሳይሆን መኪናው ጅዳ ወይም ዱባይ ያሳለፋቸው ዓመታት ናቸው። ፈራርሶ ከመጣ መኪና የተነቀለ ኤርባግ ገዝቶ መግጠም የሚባለውን ነገር እባካችሁ ተዉት።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ፓርቱ የመጣ ቀን ታንኩን ሙሉ አድርገው አይሂዱ፤ ሲከፈት ይፈሳል፣ አንዳንድ ዲለር በዚሁ ምክንያት ይመልሳል። ሥራው ሲያልቅ ወረቀቱ ላይ የሪኮሉ ቁጥርና «ተጠናቋል» የሚል መኖሩን ሳያዩ ቁልፍ አይቀበሉ። ከዲለሩ ሲወጡ ልጆቹ ሳይኖሩ አንድ ዙር ነድተው የቤንዚን ሽታ መኖር አለመኖሩን ያሽትቱ፤ ሽታ ካለ እዚያው ይመለሱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቪኑን እንደገና ያስገቡ፣ ሪኮሉ አሁንም ክፍት ከሆነ ዲለሩ መዝገቡን አላስገባም ማለት ነው፤ ይደውሉና እንዲያስገባ ይጠይቁት፣ ካላስገባ የጉዳይ ቁጥርዎን ይዘው ለአምራቹ ይንገሩ።